አዲስ የልጆች ጫማ ሶሉ የሚያንሸራትት ከሆነ ምን ታደርጋላችሁ?

ሰላም ለሁላችሁም። ዘመን መለወጫ ሊደርስ ስለሆነ ነው አሁን የምጽፈው። በየዓመቱ ለልጆች አዲስ ጫማ የሚገዛው በዚህ ሰሞን ነው፣ ልጆች ቄጤማ በተጎዘጎዘበት ሴራሚክ ላይ ዘጭ የሚሉትም በዚሁ ሰሞን ነው። ለልጄ የተገዛላት ጫማ ከላይ ሲያዩት እንከን አይወጣለትም፣ ጥቁር ነው፣ ያብረቀርቃል፣ ፊቱ ላይ ቢራቢሮ አለው፣ ገልበጥ አድርጋችሁ ሶሉን ስታዩት ግን ሳህን በሉት፣ አውራ ጣቴን ተጭኜ ስጎትትበት ምንም አይዘኝም፣ ጥርስ ተብሎ የወጣለት መስመርም ጥፍር አያስገባም። የኛ ሳሎን ሴራሚክ ነው፣ በረንዳው ደግሞ ሊሾ፣ ልጅቷ አራት ዓመቷ ነው፣ ቀስ ብሎ መሄድ የሚባል ነገር የለም፣ ሩጫ ብቻ።

የኔ አቋም ግልጽ ነው። እንዲህ ያለ ጫማ ሶሉ ሳይስተካከል ልጅ እግር ላይ መግባት የለበትም፣ በዓል ነው፣ ለአንድ ቀን ነው ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። እግሩ ወደፊት ሸርተት ብሎበት ወደ ኋላ የሚወድቅ ልጅ በእጁ ለመደገፍ አይደርስም፣ የሚመታው ጭንቅላቱ ነው። ጥያቄዬ ቤት ውስጥ ወይ ሰፈር ያለ ጫማ ሰፊ ጋ ምን ቢደረግለት ይሻላል የሚል ነው፣ የሞከራችሁትን ንገሩኝ። መልሱ እየበዛ ስለሄደ አዲስ የሚገባ ሰው እንዳይቸገር የእያንዳንዱን ፍሬ ነገር በቁጥር እዚሁ ስር በራሴ አነጋገር እያስገባሁ ነው፣ ያላሳመነኝንም እናገራለሁ።

መልስ 1
ጀሞ የምትኖር እናት ናት፣ በጣም በትህትና ነው የጻፈችው። እሷ አዲስ ጫማ ከገዛች መጀመሪያ የምታወጣው የብርጭቆ ወረቀት ነው፣ ቁጥር 80 ወይ እሱን የሚጠጋ ሻካራውን፣ ሶሉን አንዴ በቁመት አንዴ በአግድም እያሸች ብልጭልጩ ጠፍቶ እንደ አዋራ ያለ መልክ እስኪይዝ ትፈትገዋለች። ምክንያቱንም ነግራናለች፣ የፕላስቲክ ሶል ከፋብሪካ ሲወጣ ላዩ ላይ ከሞልዱ የቀረ ልስልስ ሽፋን አለው፣ ጫማው ከሞልዱ በቀላሉ እንዲላቀቅ የሚቀባ ነገርም ይቀርበታል፣ ብዙ ጊዜ አዲስ ጫማ ከአሮጌ የበለጠ የሚያንሸራትተው ለዚህ ነው። ሲያልቅ በአልኮል በራሰ ጨርቅ መጥረግ፣ በቃ። ወጪ የለውም ማለት ይቻላል።

መልስ 2
ከ1 ጋር ይስማማል። ድሮ እነሱ ቤት የብርጭቆ ወረቀት ማን ያውቃል፣ አያታቸው አዲስ ጫማ ከመልበሳቸው በፊት ደጅ ወስዳ ሲሚንቶ ላይ ታሽላቸው ነበር፣ የቆዳ ሶል ሲሆንማ ግዴታ ነበር። ይሄንን ብሎ ለሁሉም መልካም በዓል ተመኝቶ ወጣ።

መልስ 3
እዚህ ላይ የመጀመሪያው እርማት መጣ። የሕንፃ ማጠናቀቂያ ሥራ የሚሠራ ሰው ነው፣ 1 ያለችው ልክ ነው ግን ግማሹ ነው ይላል። ደረቅ ወለል ላይ መፈተግ ይጠቅማል፣ ወለሉ ሲርስ ግን ውሃው ከሶሉና ከሴራሚኩ መሃል ወጥቶ የሚሄድበት ቦይ ይፈልጋል፣ ቦይ ከሌለ ልጁ የሚረግጠው ሴራሚኩን ሳይሆን ውሃውን ነው። ቄጤማ ደግሞ እርጥብ ነው፣ ሲረገጥ ውሃውን ይለቃል፣ ግንዱም ከስር ይንከባለላል። ስለዚህ ወይ ሶሉ ላይ ጠለቅ ያለ መስመር ይውጣ ወይ ሌላ ጎማ ይለጠፍ፣ መፈተግ ብቻውን የበዓል ቀን አያዋጣም። እኔም በዚህ ነው የማምነው።

መልስ 4
አንድ ወጣት የፀጉር ስፕሬይ ሶሉ ላይ መንፋት ወይም ኮካ ቀብቶ ማድረቅ ይበቃል ብሎ ጻፈ፣ ጓደኞቹ መድረክ ላይ እስክስታ ሲወርዱ እንዲህ እንደሚያደርጉም ጨመረ።

መልስ 5
ለ4 የተሰጠ መልስ ነው፣ ንግግሩ ትንሽ ቆጣ ያለ። የሚያጣብቅ ነገር የሚይዘው ወለል ብቻ አይደለም፣ አቧራውንም ይይዛል፣ አቧራ የጠገበ ሶል ደግሞ ከበፊቱ ይብሳል፣ ስኳሩ ውሃ ሲነካው ደግሞ መጀመሪያ ሙጫ ይሆንና ቀጥሎ ታጥቦ ይሄዳል። መድረክ ላይ ለአንድ ዘፈን የሚሆን ነገር ደረጃ ለሚወርድ ልጅ አይሰጥም ነው ነገሩ። አነጋገሩ ባይጥመኝም ሐሳቡ ትክክል ነው፣ እናቶች እባካችሁ ይሄንን አትሞክሩት።

መልስ 6
ይሄኛውን ረጋ ብላችሁ አንብቡት፣ ከሁሉም የጠቀመኝ እሱ ነው። መርካቶ አካባቢ ጫማ የሚሰፋ ሰው ነው፣ በድምፅ ተናግሮ ልጁ የጻፈለት ይመስላል፣ አረፍተ ነገሩ አያልቅም፣ እኔ አሳጥሬዋለሁ።

መጀመሪያ ሶሉ ምን እንደሆነ ሳያውቁ ማስቲሽ አይነካም ይላል። ፒቪሲ የሚባለው ፕላስቲክ ከሆነ ከበድ ይላል፣ ጠዋት በብርድ ይደርቃል፣ ስታጥፉት እምቢ ይላል፣ ብዙዎቹ ርካሽ የልጆች የበዓል ጫማዎች ይሄ ናቸው። ቲፒአር ጎማ ጎማ ይላል፣ ይታጠፋል፣ ወለል ላይም ይሻላል። ኢቪኤ የሚሉት በጣም ቀላሉ ነው፣ በጥፍር ሲጫኑት ይጎደጉዳል። ቆዳ ሶል ያለው የልጅ ጫማ አሁን እምብዛም አያጋጥምም፣ ከተገኘ ግን ጎማ ለመለጠፍ ከሱ የሚመች የለም።

የሚለጠፈው ጎማ ከ2 ሚሊሜትር አይበልጥ፣ ከወፈረ ጫማው ይደርቅና የልጁ እግር አይታጠፍም። የሚለጠፈው ሁለት ቦታ ነው፣ ከጣቶቹ ኋላ ያለው ሰፊው መርገጫና ተረከዙ ጋ። ፊቱ ላይ ብቻ ለጥፈው የሚሰጡ ሰዎች አሉ፣ ያ ስህተት ነው፣ ልጁ ወደ ኋላ ያዘነብላል፣ የሚያንሸራትተው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ተረከዙ መሬት ሲነካ ነው። ሶሉም ጎማውም በደንብ ይፈተጋል፣ ይጠረጋል፣ ማስቲሹ ስስ ተደርጎ ሁለቱም ላይ ይቀባል፣ ከዚያ አለመቸኮል። በጣት ጀርባ ሲነኩት እስከማይጣበቅ፣ አስር አስራ አምስት ደቂቃ ይጠበቃል፣ ከዚያ አንዴ ከተጋጠመ ወዲያ ወዲህ የለም፣ በመዶሻ ከመሃል ወደ ዳር እየተመታ ይቀመጣል። በነጋታው ነው የሚለበሰው። የጎማው ጠርዝ በቢላ ሰያፍ ተደርጎ ይላጋል፣ ካልተላገ ጠርዙ ይላቀቅና ልጁን ራሱ ያደናቅፈዋል።

የፒቪሲውን ነገር ለብቻ ነው የነገረን። ፕላስቲኩን የሚያለሰልሰው ዘይት መሰል ነገር ቀስ እያለ ይወጣና ተራውን ማስቲሽ ያበላሸዋል፣ ለጊዜው የያዘ ይመስላል፣ ሲቆይ ልጥ ብሎ ይነሳል። ለሱ ፖሊዩሪቴን የሆነው ማስቲሽ ነው የሚሻለው፣ እሱ ከሌለ ደግሞ ጎማው ተለጥፎ ዳር ዳሩ በክር ይሰፋ። አሴቶን ለመጥረጊያ አትጠቀሙ ብሏል፣ ፒቪሲውን ያሟሟዋል፣ አልኮል ይበቃል። ማስቲሽም መስኮት ከፍቶ፣ ልጅ ከሌለበት።

ጎማው ከየት ለሚል፣ አሮጌ ከመነዳሪም፣ የመኪና ጎማ የውስጥ ላስቲክ ማለት ነው፣ ይሆናል፣ ግን ውስጡ ዱቄት አለው፣ ታጥቦና ተፈትጎ ካልሆነ ማስቲሽ አይዘውም።

መልስ 7
ስንት ብር ይፈጃል ብላ የጠየቀች አለች። ከሷ በኋላ ሰፈር ለሰፈር ዋጋ ሲጻጻፉ ቆዩ፣ የማይቀራረብ ዋጋ ስለሆነ እዚህ አላስገባሁትም።

መልስ 8
ሙቀቱ እዚህ ጋ ጨመረ። አንዱ መጥቶ ይሄ ሁሉ ልፋት ምን ያደርጋል፣ መጀመሪያውኑ ደህና ጫማ ግዙ፣ ለልጃችሁ ቆጥባችሁ ለማን ልታወርሱ ነው አለ። ጫማ ሲገዛ አጥፎ ማየት፣ ሶሉን በጥፍር መጫን፣ ሱቁ ውስጥ ሴራሚክ ላይ በእጅ ተጭኖ መግፋት የወላጅ ግዴታ ነው ብሎ ጨመረ፣ ይሄኛው ክፍሉ ጥሩ ምክር ነው።

መልስ 9
ወዲያው ተመለሰለት፣ ጠንከር ተደርጎ። ሦስት ልጆች ያሏት እናት ናት፣ በዓል ሲመጣ ዶሮው፣ ቅቤው፣ ሽንኩርቱ፣ የትምህርት ቤት ምዝገባው፣ ደብተሩ፣ ዩኒፎርሙ በአንድ ወር እንደሚገጥማት ዘርዝራ፣ ጫማ ሰፊ ጋ መሄድ ንፉግነት ሳይሆን ልጅን ማሰብ መሆኑን ነገረችው። ደግሞም ውዱ ጫማ አያንሸራትትም ያለው ማን ነው ብላ ጠይቃዋለች፣ ቆዳ ሶል ያለው የሠርግ ጫማ ውድ ነው፣ እብነ በረድ ላይ ግን ይሄዳል። እኔ ከሷ ጋር ነኝ። ስለ ዋጋ ማውራት ልጁን ከመውደቅ አያድነውም፣ እጃችን ላይ ያለውን ጫማ እንዴት እናስተካክል ነው ጥያቄው።

መልስ 10
የሕፃናት ክፍል ነርስ ነኝ ያለች እህት ናት፣ ውይይቱን ወደ ቦታው መለሰችው። ስለ ሶል ብቻ ማውራታችን ገርሟታል፣ ምክንያቱም እሷ የምታየው እንዲያድግበት ተብሎ ሁለት ቁጥር አስበልጦ የተገዛ ጫማ ነው። እግሩ ጫማው ውስጥ የሚንሸራተት ልጅ ከስር ምንም ጎማ ቢለጠፍለት ይወድቃል፣ ፊቱ ላይ ጥጥ መጠቅጠቅም ተረከዙን አያስይዘውም። ልጁ ቆሞ ከረጅሙ ጣቱ ፊት አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ ትርፍ ይበቃል፣ ቁጭ ብሎ ሳይሆን ቆሞ፣ ምክንያቱም ሲቆም እግሩ ይረዝማል። ወረቀት ላይ ሁለቱንም እግር አስምሮ ቆርጦ ጫማው ውስጥ ማስገባት ደግሞ ልጁን ገበያ ይዘን ለማንሄድ ሰዎች ይሆናል።

ሌላው፣ 6 ያለውን በአንድ ነገር አርማዋለች። ገና መሄድ የጀመረ ልጅ እግሩን በደንብ አያነሳም፣ ጣቱን እየጎተተ ነው የሚሄደው፣ ጫማው ጫፍ ድረስ በጣም የሚይዝ ጎማ ከተለጠፈ መሬቱ ይዞት በፊቱ ይደፋል። መንሸራተትን ስንከላከል መደናቀፍን እንዳናመጣ ነው። ገና ለሚፍገመገመው ደግሞ ቤት ውስጥ ባዶ እግር የሚያህል የለም፣ የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚም የሚመክረው ይሄንኑ ነው፣ ጣቶቹ ወለሉን ይጨብጣሉ።

መልስ 11
ጫማ ሰፊው ተመልሶ መጣ፣ ምንም ሳይከፋው። እህታችን ያለችው ልክ ነው፣ ለትንንሾቹ ጎማውን ከጫፉ አንድ ጣት ወደ ኋላ ስቦ እንደሚለጥፍ፣ ቀድሞም መጻፍ እንደነበረበት ነገረን። ማሰሪያውንም እዩ አለ፣ ማሰሪያ የሌለው ሸርተት ተደርጎ የሚገባ ጫማ ላይ እሱ ጎማ መለጠፍ አይወድም፣ መጀመሪያ ላስቲክ ወይ ቬልክሮ ያሰፉለት።

መልስ 12
የፊዚክስ መምህር ነው። ጫማው መስተካከሉን በግምት ከምናወራ እንለካው ብሎ ቀላል ዘዴ አመጣ። ቤት ሲሠራ የተረፈ 60 ሴንቲ ሜትር ሴራሚክ ካለ መሬት ላይ አስቀምጡት፣ ጫማው ውስጥ ጨው ወይ አሸዋ በፌስታል አስገብታችሁ ላዩ ላይ አቁሙትና የሴራሚኩን አንድ ጫፍ ቀስ እያላችሁ አንሱ። ጫፉ 18 ሴንቲ ሜትር ላይ ሲደርስ ጫማው ከተንሸራተተ የሰበቃው ቁጥር፣ ማለትም ሶሉ ወለሉን የሚይዝበት መጠን፣ 0.3 አካባቢ ነው፣ ይሄ መጥፎ ነው። 27 ሴንቲ ሜትር ድረስ ከቆየ 0.5 ደርሷል፣ ለመራመጃ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ቁጥር እሱ ነው። ከመፈተጉ በፊትና በኋላ ለክቶ ማወዳደር ነው። እኔ ሞክሬዋለሁ፣ የኛ ጫማ በአዲስነቱ ገና ብዙም ሳላነሳው ነው ወርዶ የሄደው፣ ከተፈተገ በኋላ በግልጽ ተሻሽሏል፣ 27 ግን አልደረሰም።

መልስ 13
መምህሩን ተቃወመ፣ አነጋገሩ ሻካራ ነው። ቆሞ ያለ ጫማና እየሮጠ ያለ ልጅ አንድ አይደለም፣ ደረቅ ሴራሚክ ላይ ለክቶ ልጅን እርጥብ ወለል ላይ መላክ ራስን ማታለል ነው ይላል። ሴራሚኩ ላይ ሳሙና ጠብ ያለበት ውሃ አፍስሱና ድገሙት አለ። መምህሩም ሳይናደድ ተቀበለው፣ ልኬቱ ጫማን ከጫማ ለማወዳደር እንጂ ዋስትና አይደለም ብሎ። ሁለቱም ልክ ናቸው፣ የእርጥቡ ሙከራ ግን የግድ ነው፣ ደረቁ ላይ የተሻሻለው ጫማችን እርጥቡ ላይ እንደ መጀመሪያው ነው የሆነው።

መልስ 14
ሚኒሶታ ያለች አበሻ እናት ናት። እዚያ ችግሩ በረዶ ነው፣ ብርድ ሲጠና የሚደርቅ ሶል ሁሉ ዋጋ የለውም፣ ብርድ ላይ የማይደርቅ ለስላሳ ጎማ ያለው ቡት ትመርጣለች፣ የተጋገረ በረዶ ላይ ግን እሱም አይበቃም፣ ከጫማው ላይ የሚጠለቅ ትንንሽ ጥርስ ያለው ላስቲክ አለ። ያን አድርጎ ቤት መግባት ግን አይቻልም፣ ሴራሚክና ፓርኬ ላይ ብረቱ ራሱ ያንሸራትታል፣ በር ላይ ማውለቅ ነው። ከዚያ ሌላ ነገር አነሳች፣ ቤተ ክርስቲያን ሲገቡ ጫማ ይወልቃልና ልጆቿ በካልሲ አዳራሹ ወለል ላይ ሲሯሯጡ ነው ልቧ የሚቆመው።

መልስ 15
የካልሲው ጉዳይ ውይይቱን ለትንሽ ጊዜ ወሰደው። አንዷ በሙቅ ሙጫ ነጠብጣብ እንደምትሠራ ጻፈች፣ ሌላዋ ከስሯ መጥታ አስተካከለቻት፣ ሙቅ ሙጫው ሲቀዘቅዝ ይደርቃል፣ ሲላላጥ ልስልስ ይሆናል፣ ለጨርቅ የሚሻለው ሲሊኮን ነው፣ ካልሲው ውስጥ ካርቶን አስገብቶ ነጠብጣቡን ማድረግና ሙሉ ቀን ማድረቅ። ለጫማ ሶል ግን ሲሊኮን አይሆንም፣ ፕላስቲክ ላይ ስለማይዝ ተላጦ ይሄዳል። ዱባይ ያለ አንድ አባት ደግሞ ልጁ ሠርግ ላይ ትንሽ ሚዜ ሆኖ እብነ በረድ ላይ እንዳይወድቅ ከስር የሚለጠፍ ሻካራ ስቲከር እንደገዛለት ጻፈ፣ ለአንድ ምሽት ሠርቷል፣ ለሁልጊዜ አይመክርም።

መልስ 16
ጠብ ያለበት ይሄ ነው። አንዱ ቄጤማውን ተዉት ይቅር፣ ሴራሚክ ባለበት ቤት ሣር መጎዝጎዝ ኋላ ቀርነት ነው ብሎ ጻፈ።

መልስ 17
ለ16 የተመለሰው ብዙ ነው፣ በአንድ ቁጥር አድርጌዋለሁ፣ ስድቡን ትቼዋለሁ። ቄጤማ ያልተጎዘጎዘበት በዓል በዓል አይደለም ያሉት ይበዛሉ፣ በተለይ አንዲት እናት እሷ ያደገችው ቄጤማ ላይ ነው፣ ያኔ ወለሉ አፈር ስለነበር ማንም አልወደቀም፣ የተለወጠው ወለሉ ነው ብላለች። ይሄ ንግግሯ ትክክለኛ ቦታውን ነው የመታው። ሣሩን መተው አያስፈልግም። ውሃው እስኪንጠፈጠፍ ደጅ ይቆይ፣ በር ላይ፣ ደረጃ ላይና ልጆች የሚሮጡበት መተላለፊያ ላይ አይጎዝጎዝ፣ የቡናው ረከቦት ያለበት ጥግ ይበቃል። ከሰል ከእነ ጀበናው እዚያው ስለሚኖር ልጅ እንዳይጠጋም ይጠበቅ፣ ሸርተት ብሎ እሳት ላይ መውደቅ አለና።

መልስ 18
3 ላይ የጻፈው ሰው ተመልሶ የወለሉን ነገር ጨመረ። ፈሳሽ ሳሙና በዛ ተደርጎ ተወልውሎ በንጹህ ውሃ ካልታጠበ ስስ ሽፋን ይቀራል፣ ሲርስ ይነሳል፣ ብዙ ሰው ጫማውን ይረግማል እንጂ ጥፋቱ የሳሙናው ነው። ፓርኬ ላይ ሰም የሚቀባ ሰውም በበዓል ዋዜማ አይቀባ። በር ላይ የሚነጠፈው ምንጣፍ ከስሩ ጎማ ከሌለው እሱም ራሱ ከልጁ ጋር ይሄዳል።

መልስ 19
አንድ አባት ልጁ ባለፈው ጥምቀት ወድቆ ጭንቅላቱን መመታቱን፣ ቤተሰቡ ቁስሉ ላይ ቡና ነስንሶ እንዳስተኛው፣ ሌሊት ሲያስመልሰው እንደደነገጡ ጻፈ። ልጁ ደህና ነው። ነርሷ ወዲያው መለሰችለት፣ ሳትወቅሰው ግን ጠበቅ አድርጋ። ቡና አይነሰነስም፣ በንጹህ ጨርቅ ተጭኖ መያዝ ነው። ደጋግሞ ካስመለሰው፣ ለመንቃት ካስቸገረ፣ ራሱን ከሳተ፣ ከተንቀጠቀጠ፣ ከጆሮው ወይ ከአፍንጫው ደም ወይ ውሃ መሰል ነገር ከወጣ ሳይነጋ ሐኪም ቤት። አዲስ አበባ ላለ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። ይሄንን ኮፒ አድርጋችሁ ለአያቶችም ለሠራተኞችም አንብቡላቸው፣ በዓል ቀን ልጅ የሚይዘው ሁልጊዜ እናት አይደለችም።

መልስ 20
ስሱን ጎማ ማግኘት ያቃታት ጠይቃ ሁለት ሰው መልሶላታል። አሮጌ ከመነዳሪ መርካቶ ጎማ ተራ አለ፣ ቁርጥራጭ ለሚፈልግ ምናለሽ ተራም ይገኛል፣ አዲሱ መስመር የወጣለት ጎማ ግን የጫማ ዕቃ የሚሸጡ ሱቆች ጋ በሜትር ይቆረጣል፣ ለልጅ ጫማ መዳፍ የምታህል ቁራጭ ይበቃል፣ ጫማ ሰፊው ጋ ብዙ ጊዜ ትራፊ አለ፣ ጠይቁት።

የኛን ጫማ ዛሬ ለጫማ ሰፊ ሰጥቻለሁ፣ ፒቪሲ ስለሆነ ተለጥፎ ዳር ዳሩን ይሰፋል፣ ሲመጣ እርጥብ ሴራሚክ ላይ ለክቼ ቁጥሩን እዚህ አስገባለሁ። የታናሽ ወንድሟ ደግሞ ኢቪኤ ነው፣ በጣም ስስ፣ ክር ይቀደዋል ብዬ እፈራለሁ። ኢቪኤ ላይ ለጥፋችሁ የያዘላችሁ ካላችሁ ማስቲሹ ምን ዓይነት እንደሆነ 21 ላይ ጻፉልኝ።